የጋዲሴ የወገብ ልክ

ጋዲሴ በሜትሯ የራሷን ወገብ እየለካች ነበር። ሜትሩን በቀሚሷ ላይ አዙራ ጫፉን በአውራ ጣቷ ያዘች፤ ሆዷን ሳትስብም ሳትነፋም ቁጥሩን አየች። መቶ ሰባት። ለቀቀችውና እንደገና ለካች። አሁንም መቶ ሰባት። ካለፈው ሰኞ በአንድ ጨምሯል።

በስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ሥር፣ ሰው ጎንበስ ብሎ በማያየው ቦታ፣ በጠመኔ የጻፈቻቸው ቁጥሮች አሉ። ከመቶ አሥራ ሁለት ይነሱና እስከ መቶ ስድስት ይወርዳሉ። መቶ ስድስት ላይ ሦስት ሳምንት ቆሙ። ዛሬ ደግሞ ወደ ኋላ ተመለሱ።

የምትሰፋው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ፣ ከሟች ባሏ በቀረላት ቤት የፊት ክፍል ውስጥ ነው። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። የሰፈሩን ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስና የሐዘን ልብስ ስትሰፋ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። በኋለኛው ክፍል የሚኖሩት የባሏ ታላቅ እህት እትዬ ሐመልማል ናቸው። ሁለቱም ባሎቻቸው ሞተውባቸዋል። ጋዲሴ ትሰፋለች፣ እትዬ ሐመልማል ያበስላሉ።

ከአራት ወር በፊት የመርፌው ቀዳዳ ብዥ ይልባት ጀመርና ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር ጸጋ የምትባል ነርስ ጣቷን ወግታ ደሟን ካየች በኋላ፣ "ስኳር ነው" አለቻት። "አሁን በክኒን ይያዛል። ግን ክብደት መቀነስ አለብዎት። ቅቤና ጣፋጭ ይተዉ፣ በየቀኑ ይራመዱ። በስድስት ወር ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን። ለዓይንዎም እሰጋለሁ።"

ጋዲሴ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ይዛ የወጣችው ዓይን የሚለውን ቃል ነበር። ዓይኗ እንደሚያሰጋ በሰፈሩ ከተሰማ ማን ጨርቁን ያምናታል? በተለይ አሁን የባርኮትን የሠርግ ቀሚስ ይዛለች። የባርኮት እናት ጥሩብርሃን ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ ባለቤት ናት፤ እሷ የሰማችውን ነገር እስከ ወሰን ሰፈር ድረስ የማይሰማው የለም። ስለዚህ ጋዲሴ ለማንም አልተናገረችም። ለእትዬ ሐመልማል፣ "ጨጓራዬ ነው፣ ሐኪሙ ቅባት ከልክሎኛል" አለቻቸው። ክኒኖቹን የልብስ ቁልፎቿን በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ደበቀች።

በየማለዳው ደግሞ ኪዳን ላደርስ ነው እያለች ነጠላዋን ተከናንባ ወደ እንጦጦ ትወጣለች። እስከ ባህር ዛፉ ጫካ ድረስ ሄዳ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ አማትባ ትመለሳለች። በመጀመሪያው ቀን ሰባት ጊዜ ቆማ አርፋለች፤ አሁን የምትቆመው ሁለቴ ነው። በቱታ የሚሮጡ ወጣቶች ሲያልፏት፣ "ማዘር፣ ቀስ በይ እንጂ፣ አስፋልቱን አጋልሽው" ይሏታል። እሷም፣ "እናንተ ሩጡ፣ እኔ ሥራ አለኝ" ትላቸዋለች።

ታዲያ ቁጥሩ ለምን ተመለሰ? መጀመሪያ የጠረጠረችው ሜትሩን ነው። አዲስ ገዝታ ከአሮጌው ጎን ዘረጋችው፤ እኩል ሆኑ። ቀጥላ ራሷን ጠረጠረች። ስትሰፋ ሳታውቀው የምትቆረጥመው ነገር ይኖር እንደሆነ ብላ አንድ ቀን ሙሉ አፏን ጠበቀች። ከስፒል በቀር ከንፈሯ ላይ የያዘችው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ምሳዋን በልታ፣ ውኃ እጇ ላይ አፍስሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የባርኮትን ቀሚስ የምትቀድበትን ወረቀት አንስታ ወደ መስኮቱ ስታዞረው፣ አውራ ጣቷ በያዘው ቦታ ላይ ክብ ነገር ብርሃን አሳለፈ። አሸተተችው። ያለ ቅባት የተሠራ ሽሮ ወረቀት ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ወዝ አይተውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየምሳዋ አንዳንድ ጠብታ ወጥ በቁራጭ ወረቀት ላይ እያስቀመጠች፣ ሲደርቅ ፍቃ በመስኮቱ ታየው ጀመር። ዓርብ ምንም የለም። ሰኞ ወዝ አለው። ማክሰኞም አለው። ረቡዕ የለም። ሐሙስ አለው። ዓርብ የለም።

ሐሳቧ ወደ መጥፎ ቦታ ሄደ። ቤቱ የወንድማቸው ነበር። በሐዘኑ ሰሞን እትዬ ሐመልማል ግድግዳውን እየዳበሱ፣ "ይህን ጭቃ የመረግነው እኔና ወንድሜ ነን" ብለው ነበር፤ ያኔ እንደ ልቅሶ ሰምታው ያለፈችው ነገር አሁን ሌላ መሰላት። የቁልፎቹን ቆርቆሮ ከፍተው ይሆን? ክዳኑን አሁን ባለበት ነው የተወችው? የወጡን ገሚስ ስትተው እትዬ ሐመልማል ሳህኗን ያያሉ።

"ጨርሺው።"

"ጠገብኩ።"

"ወፍ እንኳ ከዚህ ይበልጥ ትበላለች። ጨርሺው ነው የምልሽ።"

አንድ ነገር ብቻ አልገጥም አላት። ሰውን ሊጎዳ ያሰበ ሰው ረቡዕንና ዓርብን ይጾማል?

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ከመንገድ መለሳት። በጓሮ በኩል ስትገባ የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። እትዬ ሐመልማል ለእሷ ከተለየችው ትንሽ ድስት ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ በእጃቸው አንድ ማንኪያ ቅቤ ይዘዋል።

"እትዬ ሐመልማል፣ ምን እያደረጉ ነው?"

ማንኪያውን አልደበቁም። "ቅቤ ነው። መርዝ መሰለሽ?"

"መስሎኝ ነበር" አለች ጋዲሴ።

እትዬ ሐመልማል ማንኪያውን ቀስ ብለው ሳህን ላይ አስቀመጡ። "እኔን?"

"ጨጓራዬን እያወቁ..."

"የምን ጨጓራ? ጨጓራ ያለበት ሰው ሚጥሚጣ ይልሳል? አይቼሻለሁ። እኔ የማውቀው መክሳትሽን ነው። ጥሩብርሃን ሱቅ ጨው ልገዛ ስገባ ሴቶቹ ዝም አሉ። ስወጣ ሰማኋቸው። 'ድስቱን የያዘችው ሐመልማል ናት፤ የወንድሟን ሚስት በረሃብ ጨርሳ ቤቱን ልትወርስ ነው' ይባባላሉ። በሰባ ዓመቴ።"

"እና በቅቤ ሊያደልቡኝ?"

"ጉንጭሽ ትንሽ ሞላ ቢል ብዬ ነው። ለአፋቸው።"

ጋዲሴ ወደ ፊት ክፍል ሄዳ ቆርቆሮውን አመጣች። ቁልፎቹን አራግፋ ክኒኖቹን አሳየቻቸው፤ ስለ ስኳሩም፣ ነርሷ ስለ ዓይኗ ስላለችውም፣ ስለ ኪዳኑም ሳይቀር ነገረቻቸው። እትዬ ሐመልማል በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

"ቅቤውን ማብላት ከጀመርኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ?"

"አንድ ወር ቢሆን ነው።"

"እንግዲያው መርዝ ነው" አሉ። ድስቷን ወደ ራሳቸው ሳቡ። "ይህን እኔ እበላዋለሁ። አንቺ ጎመኑን ብዪ።" ቀጥለውም፣ "አሁን ሂጂና ለጥሩብርሃን ራስሽ ንገሪያት። ስኳር ነው፣ የከሳሁት ታዝዤ ነው በያት። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?" አሉ።

"እሺ" አለች ጋዲሴ።

ጥሩብርሃን ምስር እየመዘነች ነበር። ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ቆመዋል።

"ጋዲሴ፣ ነፋስ ሊወስድሽ ነው እኮ" አለች ጥሩብርሃን። "ለመሆኑ እቤት ደህና ትበያለሽ?"

ሴቶቹ ዞር አሉ። ጋዲሴ አፏን ከፈተች።

"ለነገሩ ሥራውም ያከሳል" ብላ ቀደመቻት ጥሩብርሃን። "የባርኮት ቀሚስ ዶቃው ጥቃቅን ነው። ዓይን ይፈልጋል አይደል?"

"ይፈልጋል።"

"ላንቺ ነው እንጂ ለሌላ አልሰጥም ነበር።"

ጋዲሴ ነጭ ክር ገዝታ ወጣች። እቤቷ ሦስት ያልተከፈተ ነጭ ክር አላት።

እትዬ ሐመልማል በሩ ላይ ይጠብቋት ነበር። "ነገርሻት?"

"ሰው ነበር።"

ትንሽ አዩአት፤ ከዚያ ግማሽ እንጀራና ጎመን አቀረቡላት። ወረቀት ላይ ጠብ አድርጋ አላየችውም።

በሚቀጥለው ሰኞ ከጠረጴዛው ሥር መቶ ስድስት ጻፈች። በሦስተኛው ሳምንት መቶ አራት። ለጥሩብርሃን ገና አልነገረቻትም። እትዬ ሐመልማልም መጠየቁን ትተዋል፤ አሁን ጨው የሚገዙት ቀበና ድረስ ወርደው ነው።