የመርከቡ ግራና ቀኝ

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የቴክኒካል ድሮዊንግ ፈተና ስለወደቅሁ መምህሩ አንድ ዕድል ሰጡኝ፤ ከእረፍት ስመለስ ከንድፍ ተነሥቼ የሠራሁትን ሞዴል ካመጣሁ አልፋለሁ፣ ካላመጣሁ ትምህርቱን እደግማለሁ። አብረውኝ የወደቁት ድልድይና መጋዘን መረጡ። እኔ መምህሩን ላስደንቅ ብዬ፣ በድሮ ጊዜ የጭነት መርከቦችን ያጅብ የነበረ የጦር መርከብ ንድፍ ከኢንተርኔት አወረድኩ። መርከብ ቀርቶ ጀልባ እንኳ በፎቶ ነው የማውቀው።

ንድፉን መካነ ኢየሱስ ከተማ አሳትሜ ወደ ገጠር ቤታችን ገባሁ። አንደኛው ወረቀት ከፊት እስከ ኋላ የሚደረደሩትን የመርከቡን የጎድን አጥንቶች ያሳያል። መሐል ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ በግራውም በቀኙም ጎባጣ መስመሮች። ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ እያጣመርኩ ከኮምፔንሳቶ ቆረጥኩ። ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ደርድሬ ሳቆማቸው መርከቡ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ቁጭ አለ።

እኅቴ ዞር ዞር ብላ አየችው። «ወንድምዓለም፣ ይኸ ነገር ጎኑን አሞታል መሰለኝ።»

«አንቺ ንድፍ አታውቂም» አልኳት።

አባቴ ደጅ ላይ ቀንበር እየጠረቡ ነበር። የቀንበሩን መሐል የሚያገኙት ገመድ ለሁለት አጥፈው ነው። ያንኑ ገመድ ይዘው መጡና አንዱን አጥንት ለኩት።

«ቀኙና ግራው እኩል አይደለም። ቀንበር ቢሆን አንዱን በሬ ትገድለው ነበር።»

«አባዬ፣ ወረቀቱ ነው እንዲህ የሚለው። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለእርስዎ ያስቸግራል።»

ወረቀቱን ወስደው ብዙ አዩት።

«መርከብ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ሙሉውን መሣል ለምን ያስፈልጋል? በዚህ በኩል የፊቱን ግማሽ፣ በዚያ በኩል የኋላውን ግማሽ ሥሎልሃል። ሌላውን ግማሽ ገልብጠህ አንተው ሙላ ነው የሚልህ።»

ልከራከር አፌን ስከፍት ዓይኔ የወረቀቱ ጥግ ላይ አረፈ። በትንንሽ ፊደል ልክ እሳቸው እንዳሉት ተጽፏል። እንግሊዝኛ አዋቂው እኔ አላነበብኩትም።

የቀረኝ ሁለት ቀን ነበር። አባቴ ቀንበራቸውን ትተው ግማሹን እየገለበጡ አሰመሩልኝ፣ እኔ ቆረጥኩ። አጥንቶቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በላያቸው ለሚለበጠው ሽፋን ግን ጊዜ አልበቃም። በደብረ ታቦር አውቶቡስ ያን አጽም ታቅፌ ወደ ትምህርቴ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «የምን ከብት ነው ልጄ?» አሉኝ። ከሁለት ጊዜ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም።

መምህሩ አገላብጠው አዩት። «ሽፋን የለውም። ልኩ ግን ትክክል ነው። ንድፉን ማን አስረዳህ?»

«አንብቤ» ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። «አባቴ» አልኩ።

«መሐንዲስ ናቸው?»

«ገበሬ ናቸው።»

መምህሩ ሣቁና ማለፊያዋን ጻፉልኝ፤ አንድ ነጥብ እንኳ ትርፍ የላትም። ወዲያው ወደ ቤት ደወልኩ።

«አባዬ፣ አለፍኩ!»

«እሰይ! የዚያ ወረቀት ጥግ ላይ ሌላ ሳታነብ ያለፍከው ነገር ካለ ግን አንብበው» አሉኝ።

አነበብኩት። ሌላም ሁለት ነገር ሳላነብ አልፌያለሁ።