የጎባው ስልክ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ሳያውቀው ሞተ። ለወንድሜም አልነገርኩትም፤ እሱ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ቢሰማ ግን ዓይኔን እንዴት አድርጎ እንደሚያይ እንጃ። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም። ኃጢአታችንን ለጌታ እንናዘዛለን፤ እኔም ለጌታ ስንት ጊዜ ተናዝዣለሁ። ነገር ግን ጌታ ቀድሞውንም ያውቀው ነበር። ከማያውቅ ሰው ፊት ቆሜ «እኔ ነኝ» ብዬ አላውቅም። ዛሬ እርስዎ ፊት፣ ይህን በሚያነቡት ሰው ፊት እላለሁ፦ አንድ ንጹሕ ሰው አሳስሬያለሁ። ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ነገሩ የተነሣው ደግሞ በስልክ ቢል ነው። ቢስቁብኝ አልፈርድብዎትም።

አስቴር እባላለሁ። በደርግ ጊዜ፣ ዛሬ አዳማ በምንላት በናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ከመኖሪያ ግቢያችን ጋር የተያያዘ ልብስ ስፌት ቤት ነበረኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ጨርቅ የሚልክልኝ ነጋዴ አዲስ አበባ ስለነበር ሱቄ ውስጥ ስልክ አስገብቼ ነበር። በሰፈራችን ስልክ የነበረን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔና ከፊት ለፊቴ ያለው የዳቦ ቤቱ ባለቤት። ባሌ ግርማ የጤና ረዳት ነበር። ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ደግሞ ለሚ ለሚባል ሰው አከራይተናት ነበር። ለሚ የሁሩታ ሰው ነው፤ በእህል መጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ጠዋት ሲወጣ በመስኮት በኩል «አካም ቡልቴ፣ እትዬ አስቴር!» ሳይለኝ አያልፍም። አባቱ ሲታመሙበት ከሱቄ ሁሩታ ደውሏል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ። «አትክፈል» ስለው እምቢ ብሎ ሳንቲሙን የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጦ ሄዷል።

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ሄደና ከማሠልጠኛው ጠፋ። የጠፋ ሰው ሲያዝ ምን እንደሚደርስበት አገር ያውቃል፤ የደበቀውም አይቀርለትም። የእምነት ወገኖቻችን ከቤት ቤት እየተቀባበሉ ጎባ አደረሱትና አንድ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው አስጠጋው። ወፍጮ ቤቱ ስልክ ነበረው። በየሁለት ሳምንቱ እደውላለሁ። ስሙን አልጠራም። «ዱቄቱ ደህና ነው?» እላለሁ። «ደህና ነው» ይሉኛል፤ ከዚያ መነጋገሪያውን ለእሱ ይሰጡትና ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። «አለሁ» ይለኛል። በቃ፣ ያችን አንድ ቃል ሰምቼ እዘጋለሁ።

የስልክ ቢሉ ላይ የሚጻፈው ድምሩ ብቻ ነበር። አንድ ወር አሥራ ስምንት ብር ይመጣብኛል፤ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ያህል ደውዬ አርባ አንድ ብር። ብጠይቅ «የደወልሽው ነው» ከማለት በቀር መልስ የለም። ታዲያ አንድ ቀን የዳቦ ቤቱ ባለቤት ቢሉን ይዞ ለልጁ ዩኒፎርም ሊያሰፋ መጣ። ሰውየው ለዱቄት ጉዳይ በየቀኑ አዲስ አበባ የሚደውል ሰው ነው፤ ቢሉ ግን የእኔን ግማሽ አይሞላም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ «እንዴት ነው ነገሩ?» አልኩት። ሳቀ። «አንቺ ስልክ ቤት ውስጥ ሰው የለሽም እንዴ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ማታ ለግርማ ነገርኩት።

«ክፈዪና ዝም በዪ» አለኝ። «በዚህ ጊዜ መዝገብ ይገለጥልኝ የሚል ሰው ጤነኛ አይደለም።»

«ሐቄን ነው የምጠይቀው። ማንን እፈራለሁ?»

ማንን እፈራለሁ! ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜን ጎባ ደብቄ፣ በዚያው ስልክ እየደወልኩ፣ ለሃያ ምናምን ብር ብዬ በእግሬ ስልክ ቤት ሄድኩ። ሞኝነት ነው ይሉኛል? ሞኝነት ብቻ ቢሆን ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

የስልክ ቤቱ ኃላፊ ሸበት ያሉ፣ ትሑት ሰው ነበሩ። ወንበር ሰጡኝ። ሁለቱን ቢል አይተው «እውነትዎን ነው፣ ይህ ልክ አይመስልም» አሉና ኦፕሬተሮቹ የሚጽፏቸውን የጥሪ ወረቀቶች አስመጡ። ለእያንዳንዱ ጥሪ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይያዝ እንደነበር አላውቅም ነበር። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። ተመሳሳይ ሦስት ደቂቃ፣ አንዱ ላይ አራት ብር፣ አንዱ ላይ ሰባት፣ አንዱ ላይ አሥራ አንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሰውየው አፈሩ። እኔ ደስ አለኝ፤ በእውነት ደስ አለኝ። «አላልኩም?» ልል አፌን ስከፍት በወረቀቶቹ አናት ላይ የተጻፈውን አየሁ።

ጎባ። ጎባ። አዲስ አበባ። ጎባ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በደንብ በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ።

ከጥግ በኩል ካኪ የለበሰ አንድ ሰው ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ስገባ የኃላፊው እንግዳ ነው ብዬ ልብም አላልኩት። ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ተነሥቶ መጣና ወረቀቶቹን ቆም ብሎ አያቸው። የደኅንነት ሰው መሆኑ ያኔ ገባኝ።

«ጎባ ማን አለዎት?» አለኝ። ድምፁ ቁጣ የለበትም።

«ማንም የለኝም» አልኩ።

«ታዲያ ማን ነው የሚደውለው? ሱቁ የእርስዎ አይደለም?»

ኃላፊው ቀና ብለው አዩኝ። መልስ እየጠበቁ ነው። እኔም እየጠበቅሁ ነበር፤ አፌ ምን እንደሚል ከእነሱ እኩል እየጠበቅሁ ነበር።

«ተከራያችን ነው» አልኩ። «ለሚ ይባላል። ለሚ ቱፋ። እህል መጋዘን ነው የሚሠራው።»

የአባቱን ስም ማንም አልጠየቀኝም። የሚሠራበትንም አልጠየቁኝም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ስለምን ጨመርኩ? ሙሉ ስም የሰጠ ሰው ይታመናላ! ሰውየው በጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጻፈው። ኃላፊው ወረቀቶቹን ሰብስበው፣ ፊቴን ሳያዩ፣ «ሂሳቡ ይስተካከልልዎታል» አሉኝ።

ቤቴ ስደርስ ገና ምሳ ሰዓት ነበር። ለሚ ያን ቀን ሥራ አልነበረውምና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ይጠርጋል። «እትዬ አስቴር፣ ፀሐዩ መታዎት እንዴ? ፊትዎ ልክ አይደለም» አለኝ። «አዎ፣ ፀሐዩ ነው» አልኩት።

እዚህ ላይ እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም። ስልክ ቤት ውስጥ ያልኩትን በድንጋጤ ነው ልበል፤ ከምሳ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለውን ምን ልበለው? የሁሩታ አውቶቡስ ከመናኸሪያ የሚወጣው በስምንት ሰዓት ነበር። «ለሚ፣ ሂድ፣ ጥፋ» ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። አላልኩም። እሱ ከጠፋ ወደ እኔ እንደሚመለሱ አስልቼ ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ኮሌታ እየሰፋሁ፣ የግቢው በር ድምፅ ባሰማ ቁጥር እየዘለልኩ፣ በልቤ ግን ከቤት እንዳይወጣ እመኝ ነበር። እንዲያገኙት እመኝ ነበር።

አገኙት። ሁለት ሰዎችና አንድ የቀበሌ ጥበቃ መጡ። ለሚ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ወጣ። ግራ ገብቶት ይስቅ ነበር፤ ሰው ሲሳሳት እንደሚስቁት ዓይነት። በእኔ በኩል ሲያልፍ ቆም አለና «ሁለት ሦስት ቀን ብቆይ ለአባቴ ይንገሩልኝ። እንዳይደነግጡ በርጋታ ይንገሯቸው» አለኝ።

በማግስቱ ቀበሌ ጠርተው ቃሌን በጽሑፍ ተቀበሉኝ። ግርማ ከውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። «ወደ ጎባ የደወለው ለሚ ቱፋ መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል ወረቀት ፊቴ ተቀመጠ። ሌሊቱን ሙሉ አስቤበት ነበር፤ የድንጋጤ ሰዓት አልፎ ነበር። ፈረምኩ። ስወጣ ግርማ «ምን አሉሽ?» ሲለኝ «ስለ ኪራዩ ጠየቁኝ» አልኩት። ከሳምንት በኋላ የተስተካከለው ቢል መጣ። ሃያ ሁለት ብር ሆኖ ነበር። ሄጄ ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሽንቴ ሊያመልጠኝ ይደርስ ነበር። ለሚ «እኔ የደወልኩት ሁሩታ ነው» ማለቱ አይቀርም። ወፍጮ ቤቱን ቢፈትሹስ? የኦፕሬተሯ ጆሮ የሴት ድምፅ እንደነበር ቢያስታውስስ? የጎባውን ሰው በሰው በኩል አስጠነቀቅሁትና ዳዊትን ወደ ዶዶላ አሻገሩት። የመንግሥት ላንድሮቨር ባለፈ ቁጥር መቀሱን ከእጄ እጥላለሁ። ሁለት ጊዜ የዩኒፎርም እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። የግቢውን በር እንዳይጮኽ ዘይት ቀባሁት፤ ከዚያ ደግሞ ድምፁን ሳልሰማ እንዳይገቡብኝ ፈርቼ ዘይቱን በአመድ ጠረግሁት። እንዲህ ነበርኩ።

የለሚ አባት፣ አቶ ቱፋ፣ ገና በሽታው ሳይለቃቸው በዱላ ተደግፈው መጡ። በሶና ቂቤ ይዘዋል። አማርኛቸው ብዙ አይደለም፤ እኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ። ልጃቸው ምን እንዳደረገ ጠየቁኝ። «አላውቅም፣ አባባ» አልኳቸው። እስር ቤት ለመመላለስ አቅም እንደሌላቸው ነግረውኝ በሶውን እንዳደርስላቸው ለመኑኝ። «እሺ» ስላቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ገለቶሚ፣ ልጄ፣ ገለቶሚ» አሉኝ። በኦሮምኛ ማመስገናቸው ነው። እኔን!

ስንቅ አመላለስኩ። በየሳምንቱ፣ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ። ሰፈሩ «የአስቴርን ደግነት አያችሁ? የሥጋ ዘመድ ያላደረገውን!» ይል ነበር። በድብቅ በምንሰበሰብበት ጸሎት ላይ ስሜ ተጠርቶ ተመሰገነልኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበርና የምንጸልየው በየቤቱ ተደብቀን ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ «አሜን» ሲል እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው። ስንቅ ያደረስኩለት በፍቅር ነው? በጸጸት ነው? ጥቂቱ በጸጸት ነው። ዋናው ግን ስሜን አንሥቶ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ዕቃው ባዶውን ሲመለስልኝ «ገና አላወቀም» ብዬ እተነፍስ ነበር።

አቶ ቱፋ ልጃቸው ሳይፈታ ሞቱ።

ለሚ ሲፈታ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጣ። ከስቷል፤ የግራ ጆሮው አይሰማም፤ ሲያነጋግሩት ፊቱን አዙሮ ቀኙን ይሰጣል። ግርማ አቅፎት አለቀሰ። እኔ ሻይ ቀድቼ አቀረብኩለትና ተቀመጥኩ።

«ጎባ ደውለሃል ነው የሚሉኝ» አለ ለሚ። «ጎባ የማውቀው ሰው የለኝም። እየመቱኝ ‹ማን ነው?› ይሉኛል፤ ማንን ልበል? እትዬ አስቴር፣ በእርስዎ ስልክ ነው አሉኝ። ይህ ነገር ከየት የመጣ ይመስልዎታል?»

ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ ጠበቀ። እግዚአብሔር ያን ቀን በሩን ከፍቶልኝ ነበር።

«ከስልክ ቤቱ ነው» አልኩት። «ሂሳባቸው የተምታታ ነው። የአንዱን ጥሪ በሌላው ስም ነው የሚጽፉት። እኔንም ስንት ጊዜ ያለ አግባብ አስከፍለውኛል፤ ግርማ ምስክሬ ነው።»

ግርማ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነውና! ቢሉ መዛነፉን አገር ያውቃል። የደረሰብኝን በደል ወስጄ የሠራሁትን በደል ሸፈንኩበት። ለሚ ጥቂት አሰበና «ይሆናል» አለ። «ሰው አይደለም ማለት ነው። እኔ እኮ እዚያ ተኝቼ የጠላኝን ሰው ስፈልግ ነበር የከረምኩት።» ቀለል ያለው መሰለ።

ደርግ ወደቀ። ዳዊት ከተደበቀበት ወጣ፤ አገባ፤ ልጆች አሉት። ለሚ ሁሩታ ተመልሶ የአባቱን መሬት ያርሳል። ግርማ ከሞተ በኋላ ልነግረው ቆርጬ አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቤቱ ገባሁ። ሚስቱንና ልጆቹን ሰበሰበና «እስር ቤት ያበላችኝ ሴት ይህች ናት» አላቸው። ልጆቹ ጉልበቴን ሳሙ። ማር አቀረቡልኝ። በላሁ፤ መርቄያቸው ተነሣሁ፤ ሳልነግረው ተመለስኩ።

«ወንድምሽን ለማዳን ብለሽ ነው» እንዳይሉኝ። ብዙ ዓመት ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ውሸት ነው። ያን ቀን ያ ሰው «ማን ነው የሚደውለው?» ሲለኝ ዳዊት በሐሳቤ አልነበረም። የታየኝ የራሴ ገላ ነው፤ የራሴ ጥፍር፣ የራሴ እግር። እነዚህን ለማትረፍ የሰው ጆሮ ሰጠሁ፤ አንድ አባት ልጃቸውን ሳያዩ እንዲሞቱ አደረግሁ።

እርስዎን ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር የሚለኝ ሰው ሁሩታ ነው ያለው፤ መንገዱ የሁለት ሰዓት እንኳ አይሆንም፤ እግሬም ገና ደህና ነው። ያላደረግሁት ስለምፈራ ነው። የሚያስር መንግሥት የለም፤ የሚገርፍም የለም፤ አንድ ገበሬ ነው የምፈራው። ሌላ ምክንያት የለኝም።