ፕሮበርት የተባለው ባልዲ

ኤልምዳይክ የሚባለውን ትልቅ የገጠር ቤት የነደፈው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጣሪያ የሚያፍር ሰው ነበር። ቤቱ ከሩቅ ሲታይ ጣሪያ የሌለው እንዲመስል ግንቡን ወደ ላይ አስረዘመና ጣሪያውን ከግንቡ ጀርባ ጠፍጣፋ አድርጎ ደበቀው። ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆንለት ደግሞ በምዕራብ በኩል ሦስት መስኮቶችን ግድግዳው ላይ በቀለም አስሏል። ለዓይን ይህን ያህል ሲጨነቅ ለዝናብ ግን አልተጨነቀም። ከዌልስ ተራሮች ሥር፣ ሰማዩ ከዓመት ዓመት በሚያካፋበት አገር፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ ምን ይሉታል?

ኦድሪ ፕሮበርት በዚህ ቤት በጽዳት ሥራ የተቀጠረችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሁን ሃምሳ ሁለት ሞላት። ከሥራዋ ሁሉ የሚከብዳት አንድ ባልዲ መድፋት ነበር። ባልዲው የሚቀመጠው በትልቁ አዳራሽ ውስጥ፣ የወይን ዘለላና ወፎች በጀሶ ከተቀረጹበት ኮርኒስ ሥር ነው። አንዷ ወፍ ክንፏ ረግፏል፤ ውሃው የሚንጠባጠበው በእሷ በኩል ነው። ባልዲው ስም ነበረው። የቤቱ ሰው ሁሉ ፕሮበርት ይለዋል።

ስሙ የአባቷ ነው። ኤድጋር ፕሮበርት እርሳስ አንጣፊ ነበር፤ ያንን ከባድና ልስልስ ብረት በእንጨት መዶሻ እየደበደበ ጣሪያ የሚያለብስ። የአገሪቱ ንግሥት ዘውድ ከመጫኗ ከአንድ ዓመት በፊት ከአዳራሹ በላይ ያለውን ጣሪያ አዲስ እርሳስ አለበሰው። ዘውዱ በተጫነ ዓመት፣ ብርዱ ሲገባ፣ ኮርኒሱ ማፍሰስ ጀመረ። የርስቱ አስተዳዳሪ ሻለቃ ዊንክም «የእጅህ ሥራ ነው» ብሎ አባረረውና በላዩ ላይ ሬንጅ አስቀባበት። ኤድጋር አንድ ቃል አልመለሰም። ከዚያ ወዲያ ትልቅ ቤት የሚጠራው ጠፋ፤ የመንደሩን አሸንዳ እየጠገነ ኖሮ ሞተ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የኤድጋር ስም የዋለው ባልዲ ላይ ነው።

«ፕሮበርት ሞልቷል?» ይላታል ሽማግሌው አትክልተኛ ዴንዚል፣ በዘነበ ቁጥር በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ።

«አንተ ጎመንህን ጠብቅ።»

«ኧረ አትቆጪ፣ አንቺ ልጅ። አባትሽ እኮ ደግ ሰው ነው። ከሞተም በኋላ አበቦቼን ያጠጣልኛል።»

ትስቅለታለች። ከዚያ ባልዲውን ይዛ ስትወጣ ሳቋ በር ላይ ይቀራል፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ያለ ተቆጣጣሪ ፈቃድ አንዲት ሚስማር አይነቀልበትም። ፈቃዱ ሲንከባለል ሲንከባለል ቆይቶ በመጨረሻ ጣሪያውን የሚያድሱ ሠራተኞች መጡ። አለቃቸው ክላይቭ አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ገብቶ ኦድሪ ሻይዋን ስትጠጣ አገኛት።

«ሚስ ፕሮበርት፣ የአባትዎን ጫማ አገኘነው።»

እርሳስ አንጣፊዎች እንዲህ ያለ ልማድ አላቸው። ሥራቸውን ሲጨርሱ እርሳሱ ላይ ይቆሙና የጫማቸውን ዙሪያ በሚስማር ጭረው ስማቸውን ይጽፉበታል። እዚህ ቆሜያለሁ፣ ብጠየቅ መልስ አለኝ ማለታቸው ነው። ጣሪያ ሲታደስም የድሮው ጫማ ተቆርጦ አዲሱ ላይ ይቀመጣል። ያፈሰሰ እርሳስ ላይ ያለ ጫማ ግን ይህ ክብር የለውም፤ ከነስሙ ወደ ማቅለጫው ይገባል።

«የቱ ላይ ነው?» አለች ኦድሪ፣ ሲኒዋን አስቀምጣ።

ክላይቭ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «ያው... ያፈሰሰው ላይ። ነገ ይቀልጣል። ሳያዩት ቢቀር ደስ አይለኝም።»

ጣሪያው ላይ ወጥታ አታውቅም። ስንጥቁን በዓይኗ ካየችው የአባቷ ጥፋተኝነት ይረጋገጣል ብላ ስለምትፈራ ነው። ያን ቀን ግን ሽርጧን ሳትፈታ መሰላሉን ወጣች።

ጫማው ትንሽ ነበር። አባቷ እግረ ትንሽ መሆኑን ረስታው ኖሯል። ከተረከዙ ጀምሮ እስከ ግንቡ ድረስ ሬንጅ በሬንጅ ላይ ተደራርቧል።

«ስንጥቁ ከዚህ ሥር ነው የሚሆነው» አለ ክላይቭ፣ ተንበርክኮ እየፋቀ። ትንሽ ፋቀና እጁ ቆመ። እንደገና ፋቀ። «ቆይ እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?»

አራት የዛጉ ብሎኖች፣ በአራት ማዕዘን፣ እርሳሱን በስተው ከሥሩ እስካለው የጣሪያ እንጨት ድረስ ገብተዋል። አናታቸው በመጋዝ ተቆርጧል።

«እርሳስ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል» አለ ክላይቭ። «ጠርዙን ይዘው መሃሉን ይለቁታል። መሃሉን ከቸነከሩትማ ራሱን ይቀድዳል፤ ይኸው፣ ከየብሎኑ ሥር ተቀዷል። ሌላው እንከን የለውም። ሚስ ፕሮበርት፣ ይህን የሠራ ሰው እርሳስ አያውቅም። አባትዎ አይደሉም።»

«ታዲያ ብሎኑን ምን ሊያደርጉበት መቱት?»

«ምሰሶ ቆሞበት ነበር። የባንዲራ ሳይሆን አይቀርም።»

ኦድሪ ግንቡን ይዛ ተቀመጠች። ዘውዱ የተጫነ ዕለት ዝናብ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ ሣሩ ላይ በጃንጥላ ቆሟል፤ ከጣሪያው ጫፍ አንድ ገመድ ወርዷል፤ ሻለቃው ከልጆች መሃል እሷን መርጦ «ሳቢው» አላት። የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ባንዲራው ሲወጣ ሕዝቡ ሆ አለ። አባቷ ግን ባንዲራውን አላየም፤ ዓይኑ ከምሰሶው ሥር ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ ትከሻው ላይ ሆና «አየኸኝ?» አለችው። «አየሁሽ። ቀጥ አድርገሽ ነው የሳብሽው» አላት።

ያንን ታሪክ በየገናው ገበታ ላይ ደጋግማ አውርታዋለች፤ ከተባረረ በኋላም። እሱ ድንቹን እያቀበላት፣ «ቀጥ አድርጋ ነው የሳበችው» ይል ነበር። ጥፋቱ የምሰሶው መሆኑን አውቆ ነው ዝም ያለው። ደስታዋን ላለማበላሸት ስሙን ሰጠ።

«ገመዱን የሳብኩት እኔ ነኝ» አለች፤ እንባዋ ወረደ።

ክላይቭ መፋቂያውን አስቀመጠ። «የሰባት ዓመት ልጅ ብሎን አትመታም፣ ሚስ ፕሮበርት።»

እያለቀሰች ሳቀች። ጫማውን እኔው በእጄ ቆርጬ አዲሱ እርሳስ ላይ አኖረዋለሁ አላት ክላይቭ። የቅርስ ተቆጣጣሪዋም መጥታ ብሎኖቹን ፎቶ አነሳችና ፈቃዱን ፈረመች።

በመስከረም መጨረሻ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ኦድሪ ልማድ ሆኖባት ባልዲውን ይዛ አዳራሹ ገባች። ወለሉ ደረቅ ነው። ክንፏ የረገፈው ወፍም ደርቃለች። በጉልበቷ ተንበርክካ ጣውላውን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ሁለት ጊዜ።

ዴንዚል በመስኮቱ አንገቱን አሰገገ፤ ከባርኔጣው ውሃ ይወርዳል። «ፕሮበርት ሞልቷል?»

«ፕሮበርት እዚህ የለም» አለችው። «ጣሪያው ላይ ቆሟል። ለአበቦችህ ሌላ ሰው ፈልግ።» ባዶውን ባልዲ በመስኮቱ አቀበለችው።