ክፉ አይደለም ያልኩት እብጠት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ልነግራቸው ሄጄ፣ ጾም ስለ መሻሬ ነግሬያቸው ተመልሻለሁ። እስቲ እናንተ የማታውቁኝ ስሙኝ። እኔ ባሌን ዋሽቼዋለሁ። የዋሸሁት ደግሞ ሊያድነው በሚችለው ነገር ላይ ነው።

ባሌ ገመቹ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልስ የሰርቪስ ሹፌር ነበር። ቤታችን ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። የአባቱ ማሳ እዚሁ ስለነበር፣ «አባቴ ጤፍ ባበቀለበት እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ በቀልኩ» እያለ ይቀልድ ነበር።

ሽንቱ ደም ሲቀላቅል አቃቂ ያለ ክሊኒክ ሄደ። ኢንፌክሽን ነው ብለው ኪኒን ሰጡት። ይተወዋል፣ ደግሞ ይመለስበታል። በኋላ ከደሙ ጋር ንፍጥ የመሰለ ነገር ሲመጣ ትልቅ ሆስፒታል ላኩት። እዚያ ፊኛውን በመሣሪያ አይተው ከውስጡ ትንሽ ሥጋ ለምርመራ ወሰዱ። ውጤቱ በደረሰ ቀን እሱ ሥራ ላይ ስለነበር እኔ ሄድኩ።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። ካንሰር ነው አለኝ፤ ግን ብዙ ሰው የሚይዘው የፊኛ ካንሰር አይደለም፣ እምብዛም የማይገኝ ዓይነት ነው። ማሕፀን ውስጥ ሳለን እምብርታችንን ከፊኛችን ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ፤ በኋላ ደርቆ ጅማት ይሆናል። የገመቹ በሽታ የበቀለው እዚያ ላይ ነው። በራሱ ሆድ ላይ በጣቱ መስመር እየሠራ አሳየኝ። «ገና አልተሰራጨም። የፊኛቸውን አናት ከነጅማቱ ከነእምብርቱ ቆርጠን እናወጣዋለን፤ የቀረው ፊኛ ይበቃቸዋል። ግን ቶሎ መሆን አለበት። ነገ አብረው ይምጡና ለራሳቸው ላስረዳቸው» አለኝ።

ለመንኩት። «ዶክተር በእግዜር፣ እሱ ድንጉጥ ነው። ስሙን ከሰማ በቁሙ ይሞትብኛል። እኔ በዘዴ እነግረዋለሁ» አልኩት። ቅር እያለው፣ «እንግዲያው ሳይውል ሳያድር ይንገሯቸው» ብሎ ተወልኝ።

በዘዴ? የምን ዘዴ? እራት ላይ፣ «እብጠት ነው፣ ክፉ አይደለም። ግን ከነእምብርትህ ተቆርጦ ቢወጣ ይሻላል ብለዋል» አልኩት። ሆዱን በመዳፉ እየመታ ሳቀ።

«ክፉ ካልሆነ ምን ቆርጦኝ ነው እምብርቴን የምቆረጠው? ሰውየው ቢላዋ ስሎ ሰው አጥቶ እንዳይሆን!»

ከዚያ ሳቁን አቁሞ አየኝ። «ካንሰር አይደለም አይደል? ሙት በይኝ።»

«ሙት» አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። አባቴ የዚህን በሽታ ስም ሰምቶ በዚያው አልጋ ላይ ወድቆ ቀርቷል፤ ለሰው ብናገር ይህን እንደ ምክንያት አቀርብ ይሆናል። ግን በዚያች ምሽት አባቴ ትዝም አላለኝ። ያሰብኩት የገመቹን ሳቅ ነው። ያ ሳቅ ከቤቴ እንዳይወጣብኝ ፈለግሁ። ለእሱ አዘንኩ እያልኩ የሳሳሁት ለራሴ ነው።

ደሙ ለጥቂት ወራት ጠፋ። «አየሽ፣ እንኳንም አልተቆረጥኩ» ይለኝ ነበር። ያኔስ ለምን አልተናገርኩም? ልናገር እነሳለሁ፣ ፊቱን ሳይ እተወዋለሁ። እያደር ደግሞ እውነቱን መናገር እየከበደኝ ሄደ። ከሆስፒታል ሲደወልም ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። «እያሰበበት ነው» አልኳቸው። እኔው ዋሸሁ፣ እኔው ደበቅሁ።

እንደገና ሲያመው ሆዱ ውስጥ ተሰራጭቶ ተገኘ። ያን ቀን ያየችን ሌላ ሐኪም ነበረች። የሚያውቅ መስሏት ፊት ለፊቱ ተናገረች፦ ካንሰሩ ስለተሰራጨ የቀዶ ጥገናው ጊዜ አልፏል፤ ጠባዩ የአንጀት ካንሰር ስለሚመስል ለዚያ የሚሰጠውን መድኃኒት እንሞክራለን። ገመቹ ዞሮ አየኝ። ጠበቅሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጄን ይዞ፣ «ጃኬቴን እዚያ ረሳሁት እንዴ?» ብቻ አለኝ።

ወንድሞቹ ሊጠይቁት መጥተው ለምን ቶሎ አልታከምክም ሲሉት እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። «እኔው ነኝ እምቢ ያልኩት። ፈርቼ ነው» አላቸው። መድኃኒቱ ጥቂት አቆየው እንጂ አላዳነውም። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ እንዳንቺ ያለ አስታማሚ ከየት ይገኛል እያለ አጽናናኝ። አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ። እሱንም ተቀበልኩ!

አሁን የሰርቪስ ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር በረንዳ ላይ እወጣለሁ። ናፈቀኝ። ደረጃውን ሲወጣ ማቃሰቱ፣ ሲተኛ እግሩን እላዬ ላይ መጣሉ ሁሉ ናፈቀኝ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሳልሰማው የቀረሁት ቁጣው ነው። ገመቹ ለጠፋ ቁልፍ ቤቱን የሚያናውጥ ቁጡ ሰው ነበር። በዚህ ነገር ግን አንድም ቀን አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎኝ ሄደ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እኔ የምመኘው ገመቹ ያን በር በርግዶ ገብቶ፣ «ለምን?» ብሎ እንዲጮህብኝ ነው። የምመልስለት የለኝም። ቢሆንም ይጩህብኝ።