መፈልፈያው ወደ ውኃ የተገፋ ዕለት

ዙፋን ከአንበሳሜ ተድራ ወረታ ስትገባ ሩዝን የምታውቀው በሰሃን ላይ ብቻ ነበር። ባሏ ሲሞት ግን የሩዝ መፈልፈያ ቤቱ በእጇ ቀረ። ሞተር ማስነሳቱንም፣ ከፎገራ ገበሬ ጋር መግባባቱንም ቀስ በቀስ ለመደችው።

ባለፈው ክረምት የርብ ወንዝ ገንፍሎ ሜዳውን ሲያለብሰው ውኃው ደጇ ድረስ መጣ። አዲሱ መፈልፈያ የቆመው በበሩ በኩል ባለው ዝቅተኛ ወለል ላይ ነው። ከፍ ወዳለው ወለል የሚያወጣው ጠባብ ዳገት ጫፍ ላይ ደግሞ ሥራ ያቆመው አሮጌ መፈልፈያ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። ከእሱ ወዲያ የገበሬው ሩዝ በጆንያ ተከምሯል።

ሞተረኛው ቢሻው ጎረቤት ጠርቶ ጆንያውን ወደ ላይ እየደረቡ አሮጌውን የሚያስገቡበት ጥግ አስለቀቁ። አሮጌው ግን ረጅም ነውና ግድግዳ እየነካ አልዞር አለ። ወደ ታች ስበው እንዳያዞሩት አዲሱ ዳገቱ ሥር ቆሟል። ውኃው ደፉን አልፎ መግባት ጀመረ።

ዙፋን ወለሉን ስታይ ቆይታ፣ «አዲሱን ወደ በሩ ግፉት» አለች።

«ወደ ውኃው ነው የሚሉን፣ እትዬ ዙፋን?» አለ ቢሻው። «ልናድነው አይደል እንዴ የመጣነው?»

«ለመዳኑ ነው። ይኼ ካልሸሸ ያ አይዞርም፤ ያ ካልዞረ ይኼ አይወጣም።»

ክብ ግንድ ከሥሩ እያንከባለሉ ገፉት። ውኃው እግሩን ዋጠው፤ ሞተሩን ሊነካ ጥቂት ቀረው። ዙፋን ማየት አቅቷት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ወንዶቹ አሮጌውን በዳገቱ አውርደው፣ በተለቀቀው ቦታ አዙረው፣ በጀርባው ወደ ላይ መለሱት። ጥጉ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ከዚያ አዲሱን ስበው አወጡት። የግድግዳው ጭቃ እንኳ አልተላጠም።

ላባቸውን እየጠረጉ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ቤቱ ያው ቤት ነው» አለ ቢሻው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ስንዝር አልሰፋ።»

ዙፋንንም ያስደነቃት ይኸው ነበር፤ ሲፈልጉት የዋሉት መንገድ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር፣ ከማንም ዓይን ተሰውሮ።

በማግስቱ የታችኛው ወለል እስከ ጉልበት ሞላ። ለመስቀል ሰሞን ውኃው ሲሸሽ ሞተሩ ሳያስቸግር ተነሣ። ዛሬም ሥራ ጋብ ሲል ዙፋን ዳገቱ ሥር ቆማ ባዶውን ወለል ታያለች።

«ምን ጠፋብዎት?» ይላታል ቢሻው።

«ምንም» ትለዋለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ።