በገመድ የታጠረው ምድጃ

ልጅ ሳለሁ፣ አምበር ከተማ አጠገብ፣ የጎረቤታችን የቅኔ መምህር የየኔታ ምድጃ ዳር እያመሸሁ ነው ያደግሁት። ቀን ተማሪዎቻቸውን ያስተምራሉ፤ ማታ ለሰፈር ልጆች ተረት ያወራሉ። ያኔ መብራት የለም፤ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፍሙ ሲደበዝዝ ባለቤታቸው እየቆሰቆሱልን፣ እርስ በርስ እየተጋፋን እንሰማቸው ነበር።

የማልረሳው የአንዱን ባለጸጋ ተረት ነው። በድግሱ ወጡ ተመሰገነለትና የተረፈውን በማሰሮ ከድኖ ለከርሞ አስቀመጠው። በዓመቱ እንግዶቹን ጠርቶ ሲከፍተው፣ ላለማሳፈር ብለው አፍንጫቸውን ይዘው «ግሩም ነው!» አሉት። አብረውን የሚያመሹት የቅኔ ተማሪዎቻቸው ተረቱ ለእነሱ እንደተነገረ ያውቁ ነበር። ቅኔ በየቀኑ አዲስ ይባላል እንጂ፣ የትናንቱን የደገመ መሳቂያ ነው። የኔታም ሁለት ስንኝ ቅኔያቸውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዴ ይሉና እዚያው ትተዋት ይወጡ ነበር።

አሁን የኔታ የሉም፤ ቤታቸው ሙዚየም ሆኗል። ሙዚየም ማለት ይህ ከሆነ! አንዲት ክፍል፣ አንድ የመስታወት ሣጥን፣ ውስጡ ጭራቸውና ያለቀ ጫማቸው። ጣሪያቸው ሲያፈስ ዘወር ብሎ ያላያቸው ሹም ሁሉ፣ በምረቃው ዕለት ሪባን ለመቁረጥ ተጋፋ። አንዷን ቅኔያቸውን እብነ በረድ ላይ አስቀርጸው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋታል። አስጎብኚው ለመጣው ሁሉ ያቺኑ ይደግማል።

በሙት ዓመታቸው ዕለት፣ የኔታ ከሞቱ በኋላ የመነኮሱትን ባለቤታቸውን፣ እማሆይን፣ ይዤ ሄድኩ። ቤታቸው ሲወሰድ ጓሮ የቆርቆሮ ክፍል ተሰጥቷቸዋል። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለዛሬ እንኳ በምድጃቸው እሳት ማንደድ። ምድጃው በቀይ ገመድ ታጥሯል።

«እማሆይ፣ ቅርስ ነው፤ አይነካም» አለ አስጎብኚው።

«እኔ እኮ ነኝ ጭቃውን አቡክቼ የሠራሁት፣ ልጄ።»

«ቢሆንም ጭሱ መስታወቱን ያበላሻል። ከፈለጉ አጠገቡ ይቁሙና ፎቶ ላንሣዎ።»

ናቅሁት። እሱንም፣ ገመዱንም፣ የላኩትን ሹሞችም። እሱ ግን ወደ ሌሎቹ ጎብኚዎች ዞሮ ያቺን የፈረደባትን ቅኔ ደገመ፤ አጨበጨቡለት። እማሆይ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። ያለቀሱ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ዓይናቸው ይስቃል። ለካ ያኔ እሳቱን ሲቆሰቁሱ ተረቱን ይሰሙ ነበር።

ከቆርቆሮ ክፍላቸው በር ላይ ሦስት ድንጋይ ጎልተን እሳት አነደድን። ጭሱ በነፋስ እየተገፋ ወደ ሙዚየሙ መስኮት ሄደ፤ ማናችንም አልከለከልነውም። ከየኔታ ምን ቀረልሽ ብባል፣ በመስታወት ሣጥን የሚገባ ነገር የለኝም። የገማውን ግሩም ነው አልልም፤ የቀረልኝ ይኸው ነው።