ኪሏን አዙረን የገጠምናት ጀልባ

ቡታጅራ ውስጥ ባለ ሸራ ጀልባ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ የሚያኮራ ነገር እንደሌለው ቀጥሎ ታያላችሁ። ያደግኩት ጣና ዳር ነው። በመምህርነት እዚህ ተመድቤ፣ የመስቃን ልጅ አግብቼ፣ ቆጮውንም ጨዋታውንም ለምጄ ስኖር አንድ ነገር ብቻ አልለቀቀኝም፤ ውሃ ይናፍቀኛል። ስለዚህ ዝዋይ ሐይቅ ዳር አንዲት አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባ ተጥላ ሳገኝ ሁለቴ ሳላስብ በአይሱዙ ጭኜ ግቢዬ አመጣኋት።

ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየቻትና «አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ?» አለችኝ። ችግሯን አስረዳኋት። ከጀልባዋ ሆድ ስር ኪል የሚሉት ከባድ ብረት አለ፤ ንፋስ ሸራውን ሲገፋ እንዳትገለበጥ የሚይዛት እሱ ነው። ብረቱ ከሆዷ ጋር በብሎን የታሰረበት መገጣጠሚያ ላልቶ ውሃ ያስገባል።

«አድሳታለሁ» አልኩ።

«አድስ። ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ ብታሾልክ ግን የላሞች ገንዳ ትሆናለች፤ የሐይቅ ወሬም አልሰማም።»

ከጎኗ የቆሙት እናቷ ላሞቻቸውን በልባቸው ጀልባዋ ዙሪያ እየደረደሩ ኖሮ ፈገግ አሉ።

መገጣጠሚያውን ለመክፈት ጀልባዋ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ጎጆ በማቆም የታወቁት ሽማግሌ ጎረቤታችን መላው ወዲያው ታያቸው። «ልጄ፣ ይሄ ብረት ምሶሶ ነው። ምሶሶ ደግሞ ይቀበራል» አሉ። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ኪሉ እስከ ወገቡ ገባ፣ አፈሩን በእግራችን ጠቀጠቅነው። እውነቴን ነው፣ ጀልባዋ ከቤቴ ይልቅ ጠንክራ ቆመች።

ዳዶዎቹን ከፈታሁ በኋላ ሽማግሌው ሰፈሩን ጠሩ። የጎጆ ጣሪያ በትከሻ ተሸክሞ ግድግዳ ላይ ማሳረፍ የሚያውቅ ሰፈር ነው። «ቢስሚላህ በሉ!» ሲሉ ጀልባዋ ከብሎኖቹ ላይ ብድግ ብላ ሄዳ ሣር ላይ አረፈች። አሮጌውን ማጣበቂያ ፍቄ፣ ዝገቱን ጠርጌ፣ አዲሱን ለቀለቅኩ። «ቶሎ በሉ፣ ይደርቃል!» ብዬ ስጮህ ተሸክመዋት እየሮጡ መጡ። ብሎኖቹ በየቀዳዳቸው ገቡ፤ «ማሻአላህ!» ተባለ፤ እኔም ዳዶዎቹን ላቤ እስኪንጠፈጠፍ አጠበቅኩ።

ከደረቀ በኋላ ባለቤቴ አገጯን ይዛ ቆመች። «የብረቱ ወፍራም ጫፍ በአፍንጫዋ በኩል አልነበረም እንዴ?»

ነበረ። አሁን በቂጧ በኩል ነው።

«አባባ፣ አዙረናት አረፍን እኮ!» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«ጣሪያ ፊትና ኋላ አለው እንዴ?» አሉ ከልባቸው ተገርመው። የክብ ጎጆ ጣሪያ በየትም በኩል ቢያርፍ ያው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን እንዲያ ሲያሳርፉ ኖረዋል። በጣም ተናደድኩ። ስናደድ የጎጃም አነጋገሬ ስለሚመጣብኝ ግን ሁሉም ሳቀብኝ፤ ንዴቴም አላምርልህ አለኝ።

ባለቤቴ ጀልባዋ ውስጥ ውሃ በጀሪካን አስሞላችና ጎንበስ ብላ መገጣጠሚያውን በጣቷ ዙሪያውን ዳበሰች። ቀና ብላ ጣቷን አሳየችኝ፤ ደረቅ ነው። እናቷ አላመኑም፤ ራሳቸው ዳበሱ፤ ከዚያ ወደ ላሞቻቸው ሄዱ።

ኪሉን ለማስተካከል ያንን ደረቅ መገጣጠሚያ እንደገና ማፍረስ ሊኖርብኝ ነው። መፍቻዬን ሳነሳ ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። «ስለ ጠብታ እንጂ ስለ ፊትና ኋላ ያልኩት ነገር የለም። ተዋት።»

ቆፍረን አውጥተን ዝዋይ ወሰድናት። ሸራውን ስዘረጋ ጀልባዋ እንደ ግትር አህያ ሆነች፤ ወደ ቀኝ ስላት ወደ ግራ፣ ወደ ፊት ስላት በጎን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ሳቁብን። ባለቤቴ መጀመሪያ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ነበር። መሃል ላይ ንፋሱ ሲቆም ለቀቀችው፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ደረቁ ወለል ላይ ዘረጋች። ሐይቁን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አንተ ያደግክበትም እንዲህ ነው?» አለችኝ።

ጣና በጣም ይበልጣል ልላት ነበር። «አዎ፣ እንዲህ ነው» አልኳት።